የሥራን ቅደም ተከተል የሚገልጽ ድርሰት፤ ዕድሜው አጭር የሆነውን አይሪስ በብርድ አገር ከዘር ማብቀል

ባለፈው ትምህርት አንድን ነገር በዓይን እንደሚታይ አድርጎ ስለሚያቀርበው ሥዕላዊ ድርሰት ተምራችኋል። በዚህ ትምህርት ደግሞ አንድ ሥራ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው እንዴት እንደሚከናወን የሚያስረዳውን የገላጭ ድርሰት ዓይነት ታጠናላችሁ። ብዙ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ድርሰት ቀላል አድርገው ይገምቱታል፤ «የማውቀውን ሥራ መጻፍ ምን ይከብዳል?» ይላሉ። ይሁን እንጂ እንጀራ ጋግራ የማታውቅ ልጅ የተጻፈላትን ብቻ ተከትላ ሊጡን ብታበላሽ፣ ጥፋቱ የጋጋሪዋ ሳይሆን የጸሐፊው ነው። ለነገሩ ሊጥ ቢበላሽ በጥቂት ቀን ሌላ ይቦካል። ከዚህ በታች በቀረበው ምንባብ የተገለጸው ሥራ ግን እንዲህ አይደለም፤ አንዱ ተግባር ቦታውን ከሳተ የሚባክነው አንድ ሙሉ ዓመት ነው። ምንባቡም የተመረጠው ስለዚሁ ነው።

ምንባቡን በመጀመሪያ ሳታቋርጡ አንብቡት። በሁለተኛው ንባብ እርሳስ ይዛችሁ ጊዜንና ቅደም ተከተልን የሚያመለክቱትን ቃላት ሁሉ አስምሩባቸው።

ምንባብ፦ የሠርክ አይሪስ

አይሪስ የሚባለው የአበባ ወገን በአገራችን በዱር አይበቅልም፤ የቅርብ ዘመዶቹ ግላዲዮለስና ሞሬያ ግን በደጋችን ይገኛሉ። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ብዙዎቹ አይሪሶች የሚያብቡት በረዶ ቀልጦ ምድር መሞቅ ስትጀምር ነው። ሰኔ ካለፈ በኋላ በየአትክልቱ ቦታ የሚቀረው ቅጠላቸው ብቻ ነው። ከዚህ ልማድ የሚለዩ ጥቂት ዝርያዎች ግን አሉ፤ ከእነዚህም አንዱ በሳይንሳዊ ስሙ አይሪስ ዲኮቶማ የሚባለው ነው። የትውልድ ስፍራው ከባይካል ሐይቅ ማዶ ያለው የሳይቤሪያ ምድር፣ ሞንጎልያ፣ ሰሜን ቻይናና ኮርያ ነው። ሳይቤሪያን ዞሮ ያጠና ፔተር ሲሞን ፓላስ የተባለ ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1776 በዚህ ስም ገልጾታል። «ዲኮቶማ» ለሁለት የተከፈለ ማለት ነው፤ አገዳው ከፍ ባለ ቍጥር እንደ ባላ በሁለት በሁለት እየተከፈለ ይሄዳልና።

የዚህ ተክል አበባ ጧት አይከፈትም። ሌሎች አበቦች በቀትር ፀሐይ ሲዝሉ እርሱ ተከድኖ ይቈይና፣ በእኛ የሰዓት አቈጣጠር ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ገደማ ይከፈታል፤ ሲመሽም ይከደናል። አንድ ጊዜ የተከደነው አበባ በማግሥቱ ዳግመኛ አይከፈትም። የሠርክ አይሪስ መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው። ሆኖም በአንዱ አገዳ ላይ ያሉት እንቡጦች ብዙዎች ስለሆኑ፣ የዛሬው ሲጠወልግ የነገው ተራውን ይጠብቃል፤ አበባውም በነሐሴ ወር ለሳምንታት ሳያቋርጥ ይታያል። መልኩ ብዙውን ጊዜ ፈዛዛ ሐምራዊ ወይም ነጭ ነው።

የቅርብ ዘመዱ አይሪስ ዶሜስቲካ ብርቱካንማ ሲሆን ቀያይ ነጠብጣቦች አሉበት፤ በዚህም ምክንያት የነብር አበባ ይሉታል። ፍሬው ደርቆ ሲከፈት የሚታዩት ዘሮች ጥቁርና የሚያብረቀርቁ ናቸው፤ እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ ጥቁር የዱር እንጆሪ ይመስላሉ። ይህ አበባ በስም ብዙ ተንገላቷል። ሊኔየስ በ1753 ከኦርኪዶች ወገን አድርጎ መዘገበው፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ቤላምካንዳ በሚባል የራሱ ወገን ውስጥ ቈየ፤ ወደ አይሪስ ወገን የገባው ገና በ2005 ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰንም በ1807 በቨርጂኒያ በሚገኘው ርስታቸው ዘርተውት ነበር። በ1960ዎቹ ደግሞ ሳሙኤል ኖሪስ የተባለ የኬንታኪ ሰው የነብር አበባንና የሠርክ አይሪስን አዳቅሎ፣ ቢጫ፣ ሮዝ፣ ሐምራዊና ዝንጕርጕር አበባ የሚያወጡ ድቅሎችን አገኘ። ከእነዚህ ድቅሎች ዘር የሚለቅም ሰው ልጆቹ እናታቸውን ይመስላሉ ብሎ መጠበቅ የለበትም።

የሠርክ አይሪስ ዕድሜው አጭር ነው። እንደ እንሰት አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ባይሆንም፣ ጉልበቱን ሁሉ በአበባና በዘር ስለሚጨርስ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ኖሮ ይጠፋል። ስለዚህ አትክልተኛውን አንድ ምርጫ ይጠብቀዋል። አበባው እንደ ረገፈ ፍሬውን ቢቀነጥስ ተክሉ ዕድሜው ሊረዝምለት ይችላል፤ ዘር ግን አያገኝም። ፍሬውን ቢተወው ዘር ያገኛል፤ እናቲቱን ግን በሚቀጥለው ዓመት ያጣት ይሆናል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ካሏቸው ተክሎች ሁለቱን ወይም ሦስቱን ለዘር ይተዉና የቀሩትን ፍሬ ይቀነጥሳሉ። ከዚህም ጋር በየዓመቱ ጥቂት ዘር ይዘራሉ፤ ይኸውም አበባው እጅግ ባማረበትና ሌላ የሚያስፈልግ በማይመስልበት ዓመት ጭምር ነው። በዚያ ዓመት ሳይዘራ የቀረ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ባዶ መደብ ይጠብቀዋል።

አሁን በሰሜን አሜሪካ የምትገኘውን የሚኒሶታን ክፍለ ግዛት እንውሰድ። በዚያ በጥር ወር የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ምድሪቱም እንደ ድንጋይ ትደድራለች። ይህ አገር ለሠርክ አይሪስ አይስማማውም የሚል ሰው የትውልድ ስፍራውን የዘነጋ ነው። ተክሉን የሚገድለው ከብርዱ ይልቅ በሥሩ ላይ የሚቈም ውኃ ነው።

የብርድ አገር ተክል ዘር በአብዛኛው ከፍሬው እንደ ወደቀ አይበቅልም። ቢበቅል ኖሮ ቡቃያው ሥሩ ሳይጸና ውርጭ ይመታው ነበር። ስለዚህ እርጥበትና ቅዝቃዜ ተባብረው እስኪያነቁት ድረስ ይተኛል። ደረቅ ቅዝቃዜ ይህን አያደርግም፤ በወረቀት ተጠቅልሎ በማቀዝቀዣ ውስጥ የከረመ ደረቅ ዘር ተቀመጠ እንጂ አልነቃም። የሠርክ አይሪስ በዚህ ረገድ ከብዙዎቹ አይሪሶች ይልቅ ገር ነው፤ ቅዝቃዜ ሳያይ የሚበቅል ዘርም አይታጣም። ነገር ግን እርጥብ ቅዝቃዜን ያሳለፈ ዘር የተሻለ አበቃቀል ይኖረዋል።

የመጀመሪያው መንገድ ሥራውን ለተፈጥሮ መተው ነው። አትክልተኛው በጥቅምት ወር፣ ምድር በብርድ ሳትደድር፣ ፀሐይ በሚያገኝና ውኃ በማይቈምበት መደብ ላይ አፈሩን አለስልሶ፣ ዘሩን በትኖ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር አልብሶ ውኃ ያርከፈክፍበታል። ወፍና አይጥ እንዳይለቅሙትም በወንፊት ሽቦ ይከድነዋል። ከዚያ በኋላ በረዶው መደቡን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። በረዶው ቀልጦ አፈሩ ሲሞቅ ቡቃያው ብቅ ይላል። በዚህ መንገድ የበቀለው ተክል ብዙውን ጊዜ የሚያብበው በሚቀጥለው ዓመት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ድካም አለበት፤ ትዕግሥት ላነሰው ሰው ግን ይሻላል። አትክልተኛው በጥር መጀመሪያ ዘሩን በውኃ ዘፍዝፎ ያሳድረዋል። በማግሥቱ ከረጠበ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ፣ በላስቲክ ከረጢት አድርጎ፣ ቀኑን በላዩ ጽፎ፣ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በሚቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኖረዋል። አሸዋው ሲጨብጡት ውኃ የሚንጠባጠብ መሆን የለበትም፤ ዘሩ ይበሰብሳልና። ዘሩ ሳይደርቅ ስድስት ሳምንት ያህል ከቈየ በኋላ፣ አውጥቶ በሳጥን አፈር ይዘራውና ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሙቀት ባለው ቤት ውስጥ ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ ያስቀምጠዋል። ቡቃያው ሁሉ በአንድ ቀን አይወጣም፤ የመጀመሪያው በሁለት ሳምንት ቢታይ የመጨረሻው አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ሊዘገይ ይችላል። አልበቀለም ብሎ አፈሩን ቶሎ የሚደፋ ሰው ዘሩን አብሮ ይደፋል።

ችግኙ ሦስት ቅጠል እንዳወጣ አትክልተኛው ለየብቻው በትንንሽ መትከያ ያዛውረዋል። በግንቦት መጀመሪያ፣ ዐሥር ቀን ያህል፣ በየዕለቱ ጥቂት ሰዓት ውጭ እያዋለና ማታ ማታ ወደ ቤት እየመለሰ ከነፋስና ከፀሐይ ጋር ያለማምደዋል። ከግንቦት አጋማሽ በኋላ፣ ውርጭ መጣሉን ሲያቆም፣ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይተክለዋል፤ ሥሩ እስኪጸና ድረስም ውኃ አይነፍገውም። በዚህ ዓይነት የተጠበቀ ችግኝ በዚያው ዓመት ከነሐሴ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባለው ጊዜ አበባ ሊያሳይ ይችላል።

የአይሪስ ቡቃያ ከሣር ጋር ይመሳሰላል። ምልክት ያላደረገ ሰው አረም መስሎት ይነቅለዋል። ያደገው ተክልም ቢሆን በበረዶው ወራት ከምድር በላይ ያለው ክፍሉ ስለሚደርቅና ከሌሎች ተክሎች ዘግይቶ ስለሚያቈጠቍጥ፣ ሞቷል ተብሎ ሳያልቅለት ይቈፈራል። ዘሩ የሚለቀመው ፍሬው ቡናማ ሆኖ ጫፉ መከፈት ሲጀምር ነው።

ስለ ቃላት አመራረጥ

በምንባቡ ውስጥ «ክረምት» እና «በጋ» የሚሉትን ቃላት ፈልጉ። አንድም ጊዜ አታገኟቸውም። ጸሐፊው የረሳቸው እንዳይመስላችሁ።

በእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት «ዊንተር» የሚለውን «ክረምት»፣ «ሰመር» የሚለውን ደግሞ «በጋ» ብሎ መተርጐም የተለመደ ነው። በአማርኛ ግን ክረምት ማለት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብና የዘር ወራት ነው፤ በጋ ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ ምድሩ የሚደርቅበት ነው። በሚኒሶታ በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ ይበረታል፤ በጥርና በየካቲት ምድር በበረዶ ይሸፈናል። እንግዲህ «የሠርክ አይሪስ በበጋ ያብባል» ብለን ብንጽፍ፣ የጎጃም አንባቢ በጥር የሚያብብ ይመስለዋል። «ዘሩ ክረምቱን በመደብ ላይ ያሳልፍ» ብንልም ዶፍ ዝናብ ይታየዋል እንጂ በረዶ አይታየውም። ከሁለቱም አንባቢዎች ስሕተት የሠራ የለም፤ ሁለቱም ቃሉን በአገሩ ትርጉም ወሰዱት። ስለዚህ የአንዱን አገር ወቅት ለሌላው አገር ሰው ስትገልጹ፣ ወይ የወሩን ስም ጥሩ፣ ወይም ደግሞ «የበረዶ ወራት»፣ «ምድር ሳትደድር»፣ «ውርጭ መጣሉን ሲያቆም» እንደሚሉት ያለ በዓይን የሚታይ ምልክት ስጡ። ሁለተኛው የተሻለ ነው፤ ወር በየአገሩ ይለያያል፣ የደደረ መሬት ግን በየትም የደደረ ነው።

የቦዝ አንቀጽ አገባብ

«አፈሩን አለስልሶ፣ ዘሩን በትኖ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር አልብሶ ውኃ ያርከፈክፍበታል» የሚለውን ተመልከቱ። «አለስልሶ»፣ «በትኖ» እና «አልብሶ» የሚሉት ቦዝ አንቀጾች ናቸው። ቦዝ አንቀጽ ማን እንደ ሠራ ይናገራል፤ «በትኖ»፣ «በትና»፣ «በትነው»፣ «በትኜ» ስንል ባለቤቱ ይለያል። መቼ እንደ ሠራ ግን ብቻውን አይናገርም፤ ጊዜውን የሚቀበለው ከማሰሪያ አንቀጹ ነው። «በትኖ አፈር አለበሰው» ቢሆን ሥራው አልፏል፤ «በትኖ አፈር ያለብሰዋል» ቢሆን ገና የሚሠራ ወይም ዘወትር የሚሠራ ነው፤ «በትነህ አፈር አልብሰው» ቢሆን ደግሞ ትእዛዝ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት ዋናው ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ቦዝ አንቀጾች ሲደረደሩ ቀድሞ የተጻፈው ቀድሞ የተሠራ ይሆናል። «ዘሩን አቀዝቅዞ ዘራው» እና «ዘሩን ዘርቶ አቀዘቀዘው» የሚሉት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ቃላቸው አንድ ነው፤ ሥራቸው ግን አንድ አይደለም። የመጀመሪያውን የተከተለ ሰው የማቀዝቀዣና የመስኮት መንገድ ይዟል፤ ሁለተኛውን የተከተለ ሰው በሳጥን የዘራውን ዘር ከነአፈሩ ወደ ብርድ ያወጣል። አንባቢው ይህን ከእናንተ የቃላት ተራ በቀር በምንም ሊያውቅ አይችልም።

አንድ ልዩነት አስተውሉ። «ጕድጓድ ቈፍሮ ችግኙን ተከለ» ስንል መቈፈሩ ይቀድማል፤ «ተንበርክኮ ችግኙን ተከለ» ስንል ግን መንበርከኩ መቼ ያልቃል? ተክሎ እስኪጨርስ ተንበርክኳል። እንዲህ ያለው ቦዝ አንቀጽ ተራን ሳይሆን ሁኔታን ይገልጻልና ከቅደም ተከተሉ ጋር አትቍጠሩት።

ቦዝ አንቀጽ አፍራሽ የለውም። «አልዘርቶ» የሚል አማርኛ ሰምታችሁ አታውቁም፤ በቦታው የሚገባው «ሳይዘራ» ነው። ይህ ቃል ሁለት ፍቺ ስላለው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። «ምድር ሳትደድር ይዘራል» ማለት ከመደደሯ በፊት ማለት ነው፤ «ዘሩ ሳይደርቅ ስድስት ሳምንት ይቈያል» ማለት ግን በቈየበት ጊዜ ሁሉ እንደ ረጠበ ይኑር ማለት ነው። «እንዳወጣ» ከድርጊቱ ቀጥሎ ያለውን ቅጽበት ያመለክታል፤ «እስኪጸና» የሥራውን ወሰን ይተክላል። በምንባቡ ያሰመራችሁባቸውን ቃላት በእነዚህ ፍቺዎች መሠረት ለዩአቸው።

አራትና አምስት ቦዝ አንቀጾችን በአንድ ማሰሪያ አንቀጽ መሳብ የአማርኛ ጠባይ ነው፤ ለጆሮም ደስ ይላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን አንባቢው የመጀመሪያውን ይረሳልና በአራት ነጥብ ቍረጡት።

ከዚህ በታች ያለውን አንቀጽ ደግሞ መርምሩ።

«ዘሩን ዘርቼ ውኃ አጠጣሁት። ከዚያ በፊት በማቀዝቀዣ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ አስቀምጬው ነበር። ችግኙ ሲያድግ ውጭ ተተከለ። ነፋስና ፀሐይ ማለማመድንም አትርሱ። አፈሩ ውኃ የማያቍር ይሁን።»

እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ለብቻው ሲታይ እውነት ነው፤ ሰዋስዋዊ ግድፈትም የለበትም። ሆኖም ይህን በእጁ ይዞ የሚሠራ ሰው ችግኙን ያጣል። ማቀዝቀዝ ከመዝራት በኋላ ተነገረው፤ ስለ ማለማመድ የሰማው ተክሎ ከጨረሰ በኋላ ነው፤ አፈሩን መለወጥ የሚችልበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ስለ አፈሩ ተመከረ። «ለጥቂት ጊዜ» የሚለው ለአንዱ ሦስት ቀን፣ ለሌላው ሦስት ወር ነው። ባለቤቱም አይጸናም፤ «አጠጣሁት» ሲል ተናጋሪው ራሱ ይሠራል፣ «ተተከለ» ሲል ማን እንደ ተከለ አይታወቅም፣ «አትርሱ» ሲል ደግሞ ሥራው ወደ አንባቢዎች ዞረ። በምንባቡ ውስጥ ግን ዋናዎቹን ተግባራት የሚፈጽመው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «አትክልተኛው» ነው። እናንተ «አንተ» ወይም «እናንተ» ብላችሁ ብትጽፉም ነውር የለውም፤ ብቻ የጀመራችሁበትን አትልቀቁ።

መልመጃ 1

በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቃል ተወያዩ።

ሀ. ደረቅ ቅዝቃዜ ዘርን የማያነቃው ለምንድን ነው? ምንባቡ በቀጥታ የሚለውንና እናንተ ከምንባቡ የምትገምቱትን ለዩ።

ለ. አንድ ሰው ሦስት የሠርክ አይሪስ ብቻ ቢኖሩት፣ ስንቱን ለዘር ይተው ትላላችሁ? ምክንያታችሁን አስረዱ።

ሐ. ጸሐፊው በጥቅምት የሚደረገውን መንገድ ከማቀዝቀዣው መንገድ አስቀድሞ ያቀረበው ለምን ይመስላችኋል?

መልመጃ 2

የሚከተሉትን ሐሳቦች ተገቢ ተራ አስይዛችሁ፣ በቦዝ አንቀጽ እያያያዛችሁ፣ ከሁለት በማይበልጡ ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ፦ ችግኙን ተከለ፤ ውኃ አጠጣ፤ ዐሥር ቀን አለማመደ፤ ጕድጓድ ቈፈረ፤ ከመትከያው አወጣ፤ ሥሩን አፈር አለበሰ።

መልመጃ 3

በሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ያሉት ቦዝ አንቀጾች ተራን ወይስ ሁኔታን ይገልጻሉ?

ሀ. አሸዋውን ጨብጦ ፈተነው።

ለ. ጎንበስ ብሎ ዘሩን ለቀመ።

ሐ. ዝም ብሎ ዘሩን ጠበቀ።

መ. ፍሬውን ቀንጥሶ ጣለው።

መልመጃ 4

በምንባቡ ውስጥ «ሳ» በሚለው አፍራሽ የተጀመሩትን ግሶች አውጡ፤ ጠቋሚው «ሳት» የሆነበትንም ቦታ ጨምሩ። «ከመሆኑ በፊት» የሚል ፍቺ ያላቸውን በአንድ ወገን፣ «ሳይሆን ቈይቶ» የሚል ፍቺ ያላቸውን በሌላ ወገን ጻፉ። ሁለቱንም ፍቺ የሚቀበል ካገኛችሁ ዐረፍተ ነገሩን አሻሚነቱ እስኪጠፋ ድረስ አስተካክሉት።

መልመጃ 5

ከላይ የተነቀፈውን አንቀጽ በ150 ቃላት ያህል አሻሽላችሁ ጻፉ። መጠንና ጊዜን ከምንባቡ ውሰዱ።

መልመጃ 6

በአካባቢያችሁ የሚሠራ፣ ተራው ከተዛባ የሚበላሽ አንድ ሥራ ምረጡ፤ የቡና ችግኝ ማፍላት፣ ጠላ መጥመቅ፣ እንሰት መፋቅ ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጠይቃችሁ ከሦስት መቶ ቃላት ያላነሰ ድርሰት ጻፉ። ከዚያም ሥራውን ፈጽሞ ለማያውቅ የክፍል ጓደኛችሁ ስጡት፤ እርሱም እያንዳንዱን ተግባር በየተራው በቃሉ ይንገራችሁ። ያቆመበትንና «ከዚህስ በኋላ?» ብሎ የጠየቀበትን ቦታ በጽሑፋችሁ ላይ ምልክት አድርጉበትና ያን ክፍል ደግማችሁ ጻፉ።